በመቀመጫው የቀረች መርፌ

ሲስተር እጇን ከአምቡላንሱ መቀመጫ ሥር መንጭቃ ስታወጣ፣ መሃል ጣቷ ጫፍ ላይ አንዲት የደም ጠብታ ጉብ ብላ ነበር።

መጀመሪያ አልገባትም። ሕመሙ እንኳ ሕመም አይባልም፤ ጉንዳን የቆነጠጣት ያህል ነው። ከመቀመጫውና ከግድግዳው መሃል የተንሸራተተች የእጅ ባትሪዋን ፍለጋ ነበር እጇን የሰደደችው። ሕመምተኛቸውን ለድንገተኛ ክፍሉ አስረክበው፣ ቃሬዛውን በክሎሪን ወልውላ፣ ጓንቷን አውልቃ ጥላ፣ ገና እፎይ ማለቷ ነበር። ጎንበስ ብላ ስፖንጁን ገለጥ ስታደርግ አየቻት። ካኑላ የሚባለውን ቀጭን ቱቦ ደም ሥር ውስጥ የምታስገባ አንዲት መርፌ፣ ጫፏ ላይ የደረቀ ደም እንደያዘች፣ ስፖንጁ ውስጥ ተሰክታ ቆማለች።

«ጋሼ!» ብላ ተጣራች። ድምጿ የራሷ አልመስል አላት።

ሹፌሩ ከውጭ የፊቱን መስታወት እየወለወለ ነበር። በዕድሜ አባቷ ለመሆን ጥቂት የቀረው፣ ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ የሚለው፣ በጭንቅ ቀን እንኳ ቀልድ የማያጣ ሰው ነው።

«ምነው? ባትሪሽ እግር አውጥታ ሄደች?»

«ወጋኝ።»

«ምኑ?»

«መርፌ ወጋኝ፣ ጋሼ።»

ጋሼ ጨርቁን እንደያዘ ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልደው ነገር አጣ።

ከድንገተኛ ክፍሉ በር አጠገብ ወዳለው ቧንቧ ሮጠች። ሳሙና አነሳች፣ ጣለች፣ እንደገና አነሳች። «አትጭመቁ፣ በሚወርድ ውሃ ብቻ እጠቡ» እያለች ለስንቱ ሠልጣኝ ስታስተምር እንዳልኖረች፣ ጣቷን ጥርሷን ነክሳ ትጨምቀው ጀመር። ጋሼ እጇን ይዞ አስቆማት።

«ተይ እንጂ! አንቺው አይደለሽም እንዴ አይሆንም የምትይው?»

ተወችው። ውሃው ዝም ብሎ ወረደ፤ እሷ ጣቷን ታያለች። ሲስተር በቀን ስንት ጊዜ «አይዞህ፣ አይዞሽ» እንደምትል ቆጥራ አታውቅም። ቃሉ ከአፏ የሚወጣው እንደ ትንፋሽ ነው። አሁን ጋሼ ያንኑ ቃል መልሶ ሲላት ምንም የማያነሳ ቃል ሆነባት። ፈርታለች።

መርፌዋ የእሷ አይደለችም። ዛሬ ጠዋት ተረኛ ከሆነች ወዲህ ሁለት ሰው ብቻ ነው ያነሱት፤ ለሁለቱም መርፌ አላወጣችም። ስለዚህ ደሙ ካለፈው ተራ የቀረ፣ የማታውቀው ሰው ደም ነው። መርፌ እንዴት መቀመጫ ውስጥ እንደሚገባ ግን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ የሚቀመጥበት ብረት ከተሰበረ ወራት አልፈዋል። ይጠገን ብለው ቢያመለክቱ፣ ደግመው ቢያመለክቱ፣ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። የአምቡላንሶቹ አስተባባሪ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ሳጥኑም በፋሻ ከኋላ በር እጀታ ጋር ታስሮ፣ መኪናው በዞረ ቁጥር እየዞረ ይኖራል። አንድ እጅህ ደም ሥር ላይ፣ ሌላው መርፌ ይዞ፣ መኪናው እየበረረ ያ ሳጥን ጋ መድረስ አይታሰብም።

መላ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። መርፌዋን «ለአንዴ» መቀመጫው ስፖንጅ ላይ መሰካት፤ ሲደርሱ ነቅሎ ሳጥኑ ውስጥ መጣል። ሠራተኛው ስፖንጁን «ትራሷ» ብሎ ስም አወጣለት። ያንን መላ ያመጣችው ደግሞ ማንም አይደለም፤ ሲስተር ራሷ ናት።

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። አማቷ ነበሩ።

«ልጅቷ ጡጦውን አልይዝ ብላለች» አሉ። ከጀርባቸው የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። «እንደ ባላንጣ ነው የምትተፋው። ለምሳ መምጣትሽ አይቀርም አይደል?»

«እ… እመጣለሁ፣ እማዬ።»

«ምነው ድምጽሽ?»

«ሥራ ነው። ሥራ በዝቶ ነው።»

ስልኩን ዘጋች። ልጅቷ አምስት ወሯ ነው። የሲስተር ቤት ከሆስፒታሉ ሩቅ ስላልሆነ፣ ጋሼ በየምሳ ሰዓቱ በር ድረስ ያደርሳታል፤ እሱ መኪናው ውስጥ ሬዲዮውን ከፍቶ ያንቀላፋል፣ እሷ አጥብታ ትመለሳለች። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ይህ የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም። አሁን የገዛ ጡቷን ፈራችው።

የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም በየቀኑ ያያታል። በሩን ገፍታ ስትገባ ካርዱ ላይ እንዳቀረቀረ፣ «አሁን ደግሞ ማንን አመጣሽልኝ?» አላት።

«ራሴን።»

ቀና አለ። ነገረችው። ሐኪሙ አልደነገጠም፤ ላለመደንገጥ መጣሩ ግን ያስታውቃል። የጉበት ቫይረስ ክትባት መከተቧን ጠየቃት፤ ተከትባለች። ከዚያ ከቁም ሳጥን ውስጥ አንድ የክኒን ብልቃጥ አወጣ።

«መርፌዋ ውስጧ ክፍት ናት፤ ደም ትይዛለች። የመጀመሪያዋን ክኒን አሁኑኑ ዋጪ። ደሙ ኤች አይ ቪ ቢኖርበት እንኳ የመያዝ ዕድልሽ ከመቶ አንድ አይሞላም። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ለሌሎች ስትናገረው «አንድ የማይሞላው» በጣም ትንሽ ነበር። ዛሬ ያ አንድ የማይሞላው ቤቷን ሞልቶ ታያት።

«ልጄስ? አጠባለሁ እኮ።»

«የባለ ደሙ ውጤት እስኪታወቅ አታጥቢ። ነጻ ከሆነ መድኃኒቱንም እንተወዋለን። ካልታወቀ ግን ወር ሙሉ ትውጫለሽ፤ ማጥባቱም ተቋርጦ ይቆያል።»

«ጡጦ አትይዝም።»

«ሲርባት ትይዛለች» አለ ሐኪሙ። ልጅ እንዳልወለደ ያስታውቃል።

ክኒኗን ዋጠች። ብልቃጡን በቦርሳዋ ውስጥ ከፋሻ ሥር ቀበረችው፤ ወዲያው ደግሞ የት እንደምትደብቀው ታስብ ጀመር። ባሏ ለሥራ ከሄደበት የሚመለሰው በወሩ መጨረሻ ነው። አማቷ ግን የቤቱን መርፌና ክር ሳይቀር የሚያውቁ ሴት ናቸው። ብልቃጡን ያገኙታል። ማንበብ ባይችሉም ለጎረቤት ያስነብባሉ። ከዚያ በኋላ መርፌ ወጋኝ ብትል ማን ያምናታል? ልጅቷንስ ከእጇ ይቀበሏታል ወይስ ይወስዱባታል? ሐሳቡ እየሮጠ ቀደማት፤ ልትይዘው አልቻለችም።

ከሐኪሙ ክፍል ወጥታ ግድግዳ ተደገፈችና ስልክ ደወለች። ያለፈው ተራ ነርስ፣ ባልደረቦቹ «መሐላ» የሚሉት የሁለት ልጆች አባት ነው። ስሙን ያተረፈው ሳይምል ስለማይናገር ነው፤ ዝናብ ዘነበ ለማለት እንኳ እናቴ ትሙት ይላል። ሥራ የጀመረ ሰሞን ያሠለጠነችው እሷ ናት። «ጊዜ ሲያጥርህ እዚህ ስካት፣ ስትደርስ አንሳት» ስትለው፣ «እናቴ ትሙት፣ ይሄስ ብልሃት ነው!» ብሎ ነበር።

«ትራሷ ላይ መርፌ ትተህ ነበር?» አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትለው።

«እኔ? አልተውኩም። ነቅዬ ጥዬ ነው የወጣሁት።»

ሲስተር ልብ አለች። አልማለም።

«ማል።»

«እ?»

«ማልልኝ።»

ከወዲያ በኩል አንድ ሕፃን «አባዬ» ሲል፣ በርም ሲዘጋ ተሰማ።

«ሲስተር… ረስቻት ሳይሆን አይቀርም። አንሶላውን ስቀይር ከዓይኔ ጠፋች። ማንን ወጋች?»

«እኔን።»

«ወይኔ! ወይኔ ጉዴ! አንድ ጊዜ ማስጠንቀቂያ አለብኝ፣ ይህን ከሰሙ እኮ ከሥራ…»

«ስለ ሥራህ አልጠየቅኩህም! የማን ደም ነው?»

ነገራት። ሊነጋጋ ሲል ያነሷቸው፣ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን የሳቱ አሮጊት ናቸው። በደም ሥር ግሉኮስ ሲሰጣቸው መንገድ ላይ ነቅተው፣ የት ነው የምትወስዱኝ ብለው ተቆጥተውታል። እዚሁ ሆስፒታል፣ የሴቶች ክፍል ውስጥ ተኝተዋል።

«አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። ለመክሰስ አልነበረም፤ እሱም ፈርቶ ነው።

«አውቃለሁ» አለችው።

ተመልሳ ገብታ ስትነግረው፣ ሐኪሙ የአሮጊቷን ፈቃድ የሚጠይቀው ባለሙያ ከሰዓት በኋላ እንደሚገባ ነገራት። ደንቡ እሷ ራሷ እንዳትጠይቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ሩቅ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ አሁን ታለቅሳለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ሲስተር ደረጃውን ወጣች። ጋሼ ሳትጠራው ከኋላዋ ተከተለ።

አሮጊቷ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ክንዳቸው ላይ ካኑላው በፕላስተር ተለጥፏል። አጠገባቸው ወፍራም ሴት ልጃቸው ብርቱካን ትልጣለች። ሲስተር ሺህ ሰው አልጋ አጠገብ ቆማለች፤ እንዲህ ምላሷ የተሳሰረባት ግን ዛሬ ነው። ከየት እንደምትጀምር ጠፍቷት ከመርፌዋ ጀመረች፤ ወደ ትራሷ ተመለሰች፤ ከዚያ ስለ ምርመራው ተናገረች። የምርመራውን ስም ስትጠራ ልጃቸው ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እናቴን ነው እንዲህ ያለ ነገር የምትጠረጥሪያት? በዚህ ዕድሜዋ? ደግሞ መርፌውን የጣላችሁት እናንተ፣ የምትመረመረው እሷ?»

«እውነትሽን ነው፣ እህቴ። ማስገደድ አልችልም። እምቢ የማለት መብት አላችሁ። እኔ ብቻ…»

አሮጊቷ ግን ፊቷን አልነበረም የሚያዩት። ደረቷን ነው። ሲስተርም ዝቅ ብላ አየች። የደንብ ልብሷ በሁለት በኩል ርሶ፣ እርጥበቱ እየሰፋ ነው። የምሳ ሰዓት ደርሷል፤ ጡቷ ሰዓቱን አልሳተም።

«ታጠቢያለሽ?» አሉ አሮጊቷ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ስንት ወሩ ነው?»

«ሴት ናት። አምስት ወሯ።»

«አሁን የፈራሽው ለእሷ ነው?»

ሲስተር ራሷን ነቀነቀች።

«መርፌዋንስ ማን ነው የተዋት?»

«እኔ ያስተማርኩት ሰው።»

«አንቺንስ ማን አስተማረሽ?»

«ችኮላ።»

አሮጊቷ ፈገግ አሉ፤ ጥርሳቸው ጥቂት ነው። እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥተው ዘረጉት። የጣቶቻቸው ጫፍ በየቀኑ የስኳር ምርመራ ተበሳስቷል።

«ይሄ ጣት በየጠዋቱ ለእኔ ሲወጋ ኖሯል። አንድ ቀን ለሰው ቢወጋ ምን ይለዋል? ጥሪያቸው።»

«እማዬ!» አለች ልጃቸው።

«ዝም በይ አንቺ። አንቺንም አጥብቼሻለሁ።»

የተጠራችው ተረኛ የላቦራቶሪ ባለሙያ መጥታ ፈቃዳቸውን እንደ ደንቡ በራሷ አፍ ደግማ ጠየቀች፤ ደም ወስዳ ሄደች። ሲስተር ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጋሼ የራሱን ጃኬት አውልቆ ደረቷ ላይ ጣል አደረገላት፤ ዓይኑን ወደ ሌላ በኩል አዙሮ።

«ቫይረሱ ቢገኝስ፣ ጋሼ?»

«አይገኝም።»

«ቢገኝስ?»

ጋሼ አጠገቧ ተቀመጠ። «እኔ እዚሁ ነኝ» አለ።

ሰው ያልፋል፣ ሰው ይመለሳል። ነጭ ጋዋን በመጣ ቁጥር ሲስተር ቀና ትላለች። ልጅቷን አሰበች፤ ጡት ስትይዝ በትንሿ እጇ አውራ ጣቷን ጨምድዳ የምትይዘውን። ደግሞ ትራሷን አሰበች። ስንት ነርስ በዚያ መቀመጫ ላይ ተቀምጧል? ስንት አስታማሚ፣ ስንት ሕፃን የያዘች እናት? አንድ ቀን አንዲት እናት እዚያው ላይ ልጇን አስተኝታ ነበር። ያ ትዝ ሲላት የባሰ ፈራች። እስካሁን ስለ ራሷና ስለ ልጇ ነበር የፈራችው፤ ይህ ግን መድረሻ የሌለው ፍርሃት ሆነባት።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ስትመለስ ወደ ሲስተር አልመጣችም። ውጤቱ የአሮጊቷ ነውና መጀመሪያ ወደ እሳቸው ገባች፤ በሩም ተዘጋ። ሲስተር ከወንበሯ ተነሳች። ደግማ ተቀመጠች።

ከውስጥ የአሮጊቷ ድምጽ ኮሪደሩን ሞላው።

«የታለች ያቺ ልጅ? ምን እዚያ ይገትራታል? ልጇን ሄዳ ታጥባ በሏት!»

ሲስተር ፊቷን በጋሼ ጃኬት ሸፍና አለቀሰች። ጃኬቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ጋሼም ዓይኑን በመዳፉ ጠረገና፣ «ለዚህ ነው ጃኬቴን ያበላሸሽው?» አላት። ቀልዱ ተመልሶለታል።

ገብታ የአሮጊቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው ከለከሏት። ልጃቸው የተላጠ ብርቱካን አቀበለቻት። ሐኪሙም ክኒኑን እንድትተው፣ ለማረጋገጥ ያህል ብቻ ተመልሳ እንድትታይ ነገራት። ብልቃጡን ከፋሻው ሥር አውጥታ መለሰችለት።

መኪናው ውስጥ ስትገባ አማቷ ደግመው ደወሉ። «እየመጣሁ ነው፣ እማዬ» አለች፤ ከጠዋት ጀምሮ እውነት የተናገረችው ገና አሁን መሰላት። ጋሼ ሞተሩን አስነሳ። ወደ ቤቷ የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ሳይደርሱ ሬዲዮው ጮኸ። የጥሪ ማዕከሉ ነው። አንድ የግንባታ ሠራተኛ ከመወጣጫ ላይ ወድቋል፤ ቦታው ከእነሱ ሁለት መንገድ ማዶ ነው፤ ሌላ መኪና የለም።

ጋሼ በመስታወቱ አያት። እሷ ወደ መታጠፊያው አየች።

«ይሂዱ» አለች።

ሰውየው አሸዋ ክምር ላይ ነው የወደቀው፤ አሸዋው አትርፎታል። ጭኑ ግን ተሰብሯል፤ ላብ አጥምቆታል፣ የልቡ ምትም ይሮጣል። ነቅቶ ያወራል። እግሩን አሰረችለት፣ ከቃሬዛው ጋር በቀበቶ አጠበቀችው፣ በሩ ተዘጋ። ጋሼ ሳይረኑን ለቀቀው። ሲስተር አዲስ ጓንት አጠለቀችና ክንዱ ላይ ደም ሥር ፈለገች። አገኘችው። ካኑላው ገባ፤ ደሙ ብቅ አለ፤ መርፌዋን ስባ አወጣች። በግራ እጇ ካኑላውን ይዛለች፣ በቀኟ መርፌዋን። መኪናው ጉድጓድ ዘለለ። ሴፍቲ ቦክሱ ከኋላው በር ላይ በፋሻው ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ፕላስተር ልታነሳ እጇን ዘረጋች።

እጇ ፕላስተሩ ጋ ሲደርስ ባዶ ነበር።

ወደ ታች አየች። መርፌዋ ትራሷ ላይ ናት። ቀጥ ብላ ቆማለች። መቼ እንደሰካቻት አታውቅም። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይሉት ይህንን ነው። ያን ሁሉ ፈርታ፣ ያን ሁሉ አልቅሳ፣ የጃኬቱ እርጥበት ሳይደርቅ፣ እጇ ግን ምንም አልሰማም። ጠዋት ጣቷ ላይ ደም ስታይ ከፈራችው በላይ አሁን ፈራች።

«አቁም!» ብላ ጮኸች።

ጋሼን በአንተ ጠርታው አታውቅም። መኪናው ሲጢጥ ብሎ ዳር ያዘ፤ ሳይረኑ ግን ይጮሃል። ከኋላ የመኪና ጡሩምባ ተንጫጫ።

«ምነው? ሞተ?» አለ ጋሼ፣ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ።

«ኧረ አልሞትኩም!» አለ ከቃሬዛው ላይ ሰውየው፣ ደንግጦ። «ምን ሆንኩ? ሲስተር፣ ምን አየሽብኝ?»

«አንተ ደህና ነህ። አይዞህ።»

ካኑላውን በፕላስተር ለጠፈችው። መርፌዋን ከስፖንጁ ነቀለች። በቆመው መኪና ውስጥ ሦስት እርምጃ ተራምዳ ሳጥኑ ውስጥ ጣለቻት፤ ስትወድቅ ጠብ የምትል ድምጽ ተሰማች። ከዚያ የፋሻውን ቋጠሮ ፈታችው። ወራት የቆየ ቋጠሮ ነው፤ ጥርሷን ተጠቅማ ነው የተፈታላት። ሳጥኑን ይዛ ተመለሰችና ቦታዋ ላይ ተቀምጣ በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ ያዘችው።

ጋሼ በመስታወቱ ያያታል።

«አሁን ይሂዱ፣ ጋሼ» አለች።